ያልለቀቅኩት ድምፅ

በልጅነቴ፣ በአንድ የቡና ለቀማ ወቅት፣ በመዘምራን መካከል ቆሜ አፌን እንድከፍት፣ ድምፅ ግን እንዳላወጣ ታዝዤአለሁ። ይህ በደል ነው፤ በደል ተብሎ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሰው ፊት ቆሞ አንድ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ያለ ድምፅ አፉን እየከፈተ ይሞክረውና ከዚያ እናወራለን። ያዘዘኝ ሰው ክፉ አልነበረም። ይህም አብሮ ይጻፍ፤ ለእኔ ብቻ የሚያደላ ነገር አልወድም።

የተከሰስኩት ሦስት ድምፅ ባለበት ቦታ አራተኛ አስገብተሻል ተብዬ ነው። አስገብቻለሁ፤ አልካድኩም። እኔ የጠየቅኩት ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ነበር። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አደግኩ፣ ወለድኩ፣ አያት ሆንኩ።

ባለፈው ለቀማ ያደግኩበት ኮንጋ ያሉ ዘመዶቼ አንድ ጆንያ ቡና ላኩልኝ። በደንብ ሳይደርቅ ነው ያሰሩት፤ ዲላ እስኪደርስ ውስጡ ግሏል። አፉን ፈትቼ እጄን ስከት ያ የኮመጠጠ፣ ጣፋጭም የሆነ የእሸት ቡና ልጣጭ ሽታ ፊቴን መታኝ። የላኩትን ሰዎች ልሳደብ ስል ከግቢያችን ኪራይ ክፍል የኪቦርድ ድምፅ መጣ።

እዚያ ክፍል የምትኖረው ሩት ናት፤ ከአዳማ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የምትማረው ስለ እርሻ ነው፤ ኪቦርድ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትመታ ያደገች ልጅ ናት። ሲመቻት የልጅ ልጄን ሶስናን ታስተምራታለች። ያን ቀን ሶስና አንድ ነገር እየደጋገመች ነበር። በሰላም ይሄድ የነበረው ድምፅ አንድ ቦታ ሲደርስ አንድ እግሩን አንስቶ ያላሳረፈ ሰው መሰለ። ሶስናም እዚያው አቆመች። ጣቶቿን ለማየት ይሁን ስልኳን፣ እንጃ። እጄ ጆንያው ውስጥ ቀረ።

“ሶስና! እንደሱ አንጠልጥለሽው አትሂጂ!” ብዬ ጮህኩ።

“ምኑን አያቴ?”

“ያንን! ጨርሺው!”

ሩት እየሳቀች በሩ ላይ ብቅ አለች። “እማማ፣ ጆሮዎ ግን! ይሄ ሰቨንዝ ኮርድ ይባላል። መሀል ላይ ከተዉት ሰው ያስጨንቃል።”

ሶስና በእንግሊዝኛ ስትቆጥር ሰምቻለሁና ሰቨን ማለት ሰባት እንደሆነ አላጣሁትም። “ሰባት ድምፅ አለው ማለት ነው?”

“የለም፣ አራት ነው። ተራው ኮርድ አብረው የሚመቱ ሦስት ድምፆች ነው። እዚህ አንድ ተጨምሮበት አራት ይሆናል።”

“ስንት አልሽኝ?”

“አራት።”

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። “ማነው አራት ያደረገው? ተፈቅዶ ነው?”

ሶስና ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አያቴ ደግሞ! ማን ይከለክላል?”

“ይከለከላል” አልኳት። “እኔ ተከልክያለሁ።”

ሩት መሳቋን ትታ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቺ ልጅ አጣርታ እንጂ በደፈናው አትፈርድም፤ የምወዳትም ለዚህ ነው። “መጀመሪያ ምን እንደዘመሩ ይንገሩኝ” አለች። “ሳልሰማ ልክ ነዎትም፣ ተሳስተዋልም አልልም።”

ስለዚህ ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ለእሷ እንደነገርኳት ነው።

ኮንጋ ዳገት ነው። እንሰቱ ከቤት አጠገብ፣ ቡናው ከእንሰቱ መሀልና ከበላዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥላ የሚሰጡት ትልልቅ ዛፎች። ጠዋት ስንገባ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ እንሰቱ ያንጠባጥባል፤ ቅጠሉን ገፋ ስታደርገው ያጠራቀመውን ውሃ አንገትህ ውስጥ ይለቅብሃል። ቅርጫታችንን ወገባችን ላይ አስረን ቀዩን ከአረንጓዴው እየመረጥን እንለቅማለን። ጣታችን በፍሬው ማር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ፀጉሬን የነካሁ እንደሆነ ማታ እናቴ ስታበጥረኝ ጩኸቴ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

በዚያ ዳገት ውስጥ አንዱ ሌላውን አያይም። ጥቂት ከራቅህ የሚታይህ ቅጠል ብቻ ነው። ሴቶቹ እየዘፈኑ የሚለቅሙት ለደስታ ብቻ አልነበረም። ከታች ያሉት አንድ ነገር ይላሉ፤ ከላይ ያሉት ሌላ ይላሉ፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። የላይኞቹ ቅርጫታቸውን ለመገልበጥ ሲያቆሙ ዘፈኑ እንዳይወድቅ አንዷ ድምፁን ይዛ ትቆያለች። ቃል የለውም፤ የተዘረጋ ድምፅ ብቻ ነው። የታችኞቹ ይህን ይሰሙና ገብተው ይወስዱላታል። ሲወስዱላት ትለቃለች። ካልወሰዱላት ግን አትለቅም፤ ካልወሰዱላት ከታች አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነውና። ሰው ወድቆ ይሆናል፤ እባብ አይተው ይሆናል፤ ተጣልተውም ይሆናል። የሆነው ሆኖ የያዘችው ትይዛለች፤ የጠፋ ሰው ካለ ወደ ድምፁ ይመጣል።

ማን እንደሚይዝ የምትመርጠው አክስቴ ሎሚቱ ነበረች። ሎሚቱ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ በዚያ ክፍተት እያፏጨች የጎረቤት ከብት ሳይቀር የምትመልስ ሴት። በዚያ ዓመት ድምፅ ስትይዝ የኖረችው ሴት ወልዳ አራስ ቤት ገባች። ሎሚቱ በዙሪያዋ ያሉትን ሴቶች አየች፤ ይቺን አየች፣ ያቺን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ስታለቅሺ ትንፋሽሽ አያልቅም” አለችኝ በቋንቋችን። “ያዢ።”

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ያዝኩ። መጀመሪያ ድምፄ ከአፌ ወጥቶ በእንሰቱ ላይ ሲሄድ የሚያዳልጠው መሰለኝ። ከዚያ ከታች፣ ከማላየው ቦታ፣ የሴቶቹ ድምፅ ተነሥቶ መጣና ገባበት። ስለቅ ሰውነቴ በሙሉ ቀለለኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሴቶች እኔን ጠብቀው ሲገቡ መስማት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ልጆቼም አያውቁትም። ቅርጫቴ ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ ስለ ቅርጫቴ ማንም አንድ ቃል አልተናገረኝም።

አንድ ቀን ያዝኩ፤ ከታች መልስ ጠፋ። ትንፋሼ አለቀ፤ ቶሎ ስቤ እንደገና ያዝኩ። ሎሚቱ ቅርጫቷን ጥላ ቁልቁል ሮጠች። እኔ እንባዬ እየወረደ፣ ድምፄ እየሻከረ እዚያው ቆምኩ። አንዲት አሮጊት በርጥቡ ቅጠል ላይ ተንሸራተው እግራቸው ታጥፎባቸው ኖሯል፤ ሴቶቹ ተሸክመው ሲያወጧቸው ነው ዝም ያሉት። መንገዱ በቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ ወደ ድምፄ አቅጣጫ ነበር የወጡት። ከላይ ሲደርሱ አሮጊቷ በሰው ጀርባ ላይ ሆነው፣ “ይቺን ድምፅ ማነው የያዛት?” አሉ። ሎሚቱ በቡና ማር የተጨማለቀ እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች። እዚያ ፀጉሬ ለቀናት ተጣብቆ ቀረ፤ እኔም እንዲበጠር አልፈለግኩም።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው መዘምራን ውስጥ የገባሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ሚሲዮኖች ያቆሙት የቆርቆሮ ቤት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፍኩም። መዝሙር የሚያስተምረን መምህር ደምሴ የሚባል ወጣት ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ የእኛን ቋንቋ አያውቅም። ጭቃችን ጫማውን እየበላበት፣ በር ላይ ቆሞ በእንሰት ቅጠል ሲጠርግ ሁልጊዜ አየው ነበር። በእግር እየተረገጠ አየር የሚስብ ኦርጋን ነበረው። ኦርጋኑ ከመዘመሩ በፊት ይተነፍሳል። ሆዱ ሲነፋና ሲጎድል እሰማ ነበርና፣ ውስጡ ያረጀ በሬ የተዘጋበት ይመስለኝ ነበር። ሣር ይሰጡት እንደሆነ ጠይቄ ተሳቀብኝ።

መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያለ ይጽፍልናል። በሦስት ቡድን ከፍሎናል። ሦስት ጣቱን አንስቶ “ሦስት ድምፅ! ሦስት ሆነው አንድ!” ይላል። ስለ ሥላሴ ሲያስተምረን ያነሣቸው የነበሩት ጣቶች ናቸው፤ የተናገረውም ቃል ያው ነው። እኔም ነገሩ አንድ ነው ብዬ ያዝኩ። ኦርጋኑ ስለ እግዚአብሔር የሚናገረው በሦስት ጣት ነው አልኩ በልቤ።

ለምስጋና በዓል የምናጠናው መዝሙር መጨረሻው ላይ ሦስት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያው ላይ ሦስቱ ቡድኖች ፋ፣ ላ፣ ዶ ይላሉ። በሁለተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ። በሦስተኛው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብለው ያርፋሉ። የእኔ ቡድን መጀመሪያ ላይ ፋ ነው፤ ከዚያ ወደ ሬ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ መምህሩ እጁን ያነሣል፤ ሁሉም ትንፋሽ ለመውሰድ ያቆማል።

ለእኔ ግን ሁሉም ሲያቆም ቅርጫት መገልበጥ ነበር። አንዷ መያዝ አለባት። ያዝኩ።

እነሱ ትንፋሽ ወስደው ሶል፣ ሲ፣ ሬ ብለው ገቡ። እኔ ፋ ላይ ነኝ። እነሱ በዙሪያዬ ቆሙ፤ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተወጠረ። መምህሩ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ወደ እኛ ዞረ። ተደስቷል አልኩ። ከዚያ ሁሉም ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብለው አረፉ። እኔ ገና ፋ ላይ ነበርኩ፤ ማንም መጥቶ አልወሰደልኝም። የመምህሩ ፊት ሎሚ እንደ ነከሰ ሰው ተጨማደደ። የተናደደው ስላልወሰዱልኝ በእነሱ ነው ብዬ ጠነከርኩ። ኦርጋኑ ዝም አለ። መዘምራኑ ዝም አሉ። እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። ትንፋሼ ሲያልቅ ሌላ ወስጄ ቀጠልኩ።

“ማነች?” አለ መምህሩ።

እጄን አነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ኮርቼ ነበር ያነሣሁት።

“አየለች፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“የሚወስደው ሰው እየጠበቅኩ ነው።”

“ምኑን ነው የሚወስደው?”

“ድምፁን።”

“መዝሙሩ እኮ አልቋል!”

“አላለቀም። አንድ ሰው ቀርቷል” አልኩት። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ወለሉ ላይ እስኪወድቁ ሳቁ።

በሚቀጥለውም ልምምድ ያው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። ሊያስተምረኝ ሞክሯል፤ ሬን እየመታ “እዚህ፣ እዚህ” ይለኝ ነበር። ብቻዬን ስሆን ሬን እላለሁ። ሁሉም ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያቆም ግን መልቀቅ አቃተኝ። ብለቅ ያቺ አሮጊት ታች ትቀራለች የሚል ነገር ነበር በውስጤ። በመጨረሻ መምህሩ ወደ ጎን ወሰደኝና ቀስ ብሎ ተናገረኝ። ለበዓሉ የዲላና የቡሌ መዘምራን ይመጣሉ። እንግዶች ይመጣሉ። ሰልፉም እንዳይጎድል፣ መዝሙሩም እንዳይበላሽ አንድ ነገር አስቧል።

“ከሰልፉ አልወጣሽም፤ ትቆሚያለሽ። አፍሽን ትከፍቻለሽ። ድምፅ ግን አታወጪም። ማንም አያውቅም።”

ሣራ የምትባል፣ ከመምህሩ ጋር የመጣች የእህቱ ልጅ ነበረች። በየመዝሙሩ ሰው ሳይጀምር ቀድማ ትገባለች፤ አንድም ቀን አፍሽን ብቻ ክፈቺ አልተባለችም። ይህንንም አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ የማልናገረው ፍርሃት ያዘኝ። ሦስት ሆነው አንድ የነበሩት ላይ አራተኛ የጨመርኩ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ላይ ነው የጨመርኩት ማለት ነው።  ሎሚቱ አንድ ጠዋት ዳገቱ ላይ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። የቡናውን ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ እየቀጠፍኩ ነበር።

“ምን ሆነሻል?”

ነገርኳት። ሥላሴን ሳይቀር ነገርኳት። ሎሚቱ ያኔ ገና አልተጠመቀችም ነበር። 

“እኔ የእናንተን እግዚአብሔር በደንብ አላውቀውም” አለች። “ግን ይሄን ሁሉ ተራራ የሠራ በአንቺ ድምፅ የሚፈርስ አይመስለኝም። ነይ፣ መምህሩ ጋ እንሂድ።”

ሎሚቱ አማርኛ የተማረችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን ታደባልቅ ነበር። መምህሩን በር ላይ፣ ጫማውን ሲጠርግ አገኘነው።

“አንተ መምህር፣ ልጅቱ ምን አጠፋ?”

“ደህና አደሩ እትዬ ሎሚቱ። ምንም አላጠፋችም። መዝሙሩን ትረብሻለች።”

“ልጅቱ ድምፅ ያለው ነው።”

“ድምፅማ አላት። ከሦስቱ ውጪ ነው የምትዘምረው።”

“ከሦስት ውጪ ካለ አራት ሆነ። በዛ እንጂ ምን ጎደለ?”

“እትዬ ሎሚቱ፣ ይሄ ቡና ለቀማ አይደለም እኮ።”

“እሱማ አይደለም። እኛ ቡና ስንለቅም አፉን ከፍቶ ዝም የሚል ሰው የለም።”

መምህሩ ቅጠሉን ጣለ። “እንግዳ ይመጣል” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ይሄን መዘምራን እንዳቆም ነው የተላክሁት። ቢበላሽ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።” ያኔ ሰበብ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ፈርቶ ነበር፤ ዕድሜውም ከዛሬዋ ሩት ዕድሜ አይበልጥም።

ስንመለስ ሎሚቱ ከፊቴ ሄደች፤ መሀል መንገድ ላይ ዞረችብኝ። ከዚያ፣ “አፍሽን ከፍተሽ ድምፅ ካላወጣሽ የዘመርሽ ትመስያለሽ። አልዘመርሽም። ያ ውሸት ነው” አለችኝ። “ወይ ዘምሪ፣ ወይ አፍሽን ዝጊ።”

“ከዘመርኩ ያባርረኛል።”

“እንግዲያው ዝጊዋ።”

የበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ሰዎች ከማሳቸው ያገኙትን ይዘው መጥተዋል፤ ቡና በቅርጫት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቡላ፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች። የቡሌ መዘምራን ከብርዱ አገር ስለመጡ ሹራብ ለብሰው በእኛ ሙቀት ያልባቸዋል። እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ፤ አጭር ስለነበርኩ ሁልጊዜ ፊት ነው የምቆመው።

ኦርጋኑ ተነፈሰ። ሁሉም አፉን ከፈተ። እኔ ዘጋሁ። ዝም ብዬ አይደለም የዘጋሁት፤ ከንፈሬን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በጥርሴ ይዤ፣ ከኋላ መስኮት የቆመ ሰው እንኳ እንዲያይ አድርጌ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንድ ሰው “ያቺ ልጅ አሟታል እንዴ?” ሲል ሰማሁ። መምህሩ ከኦርጋኑ ላይ ሆኖ በዓይኑ “አፍሽን፣ አፍሽን” ይለኛል። ሣራ በክርኗ ጎሰመችኝ። አልከፈትኩም።

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያቆሙ፣ ፋ ከደረቴ ተነሥታ ጥርሴ ድረስ መጣች። ያዝኳት፤ ያለ ድምፅ ያዝኳት። ሶል፣ ሲ፣ ሬ ብለው ገቡ። ጥሩ ዘመሩ፤ አልዋሽም። እኔ ግን መሀላቸው ላይ የእኔን ቁመት የሚያህል ባዶ ቦታ ይሰማኝ ነበር። ጨርሰው አረፉ። ሰው ሁሉ እልል አለ። አላለቀስኩም። ሎሚቱ ከሴቶቹ መሀል አገጯን ቀና አድርጋ እያየችኝ ነበር፤ ያን ቀን ያደረግኩትን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልተጸጸትኩበትም።

ሰው ሲበተን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጠሩኝ። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

“ልጄ፣ ለምን አልዘመርሽም?”

“ድምፅ እንዳላወጣ ተነግሮኛል፣ አባባ። አፌን ከፍቼ መዋሸት ደግሞ አልፈለግኩም።”

 ሽማግሌው ወደ መምህሩ ዞሩ። “ደምሴ፣ እውነት ነው?”

መምህሩ ሊክድ ይችል ነበር፤ ማን እኔን ያምን ነበር? “እውነት ነው” አለ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

“ምን ብትዘምር ነው?”

“ሰምተው ቢፈርዱ ይሻላል።”

ኦርጋኑ ላይ ተቀመጠ። የመዝሙሩን መጨረሻ ብቻ መታ። በመጀመሪያው ደረጃ ፋን አልኩ፤ እሱ እጁን አነሣ፤ እኔ ያዝኩ። ሁለተኛውን ሲመታ እጁ እዚያ ላይ ቀረ። እግሩ ይረግጣል፤ በሬው ይተነፍሳል፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። ከሚገባው በላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ ፊቱ ያው ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ሆነ።

“እንደገና” አለ ለራሱ። እንደገና ዘመርን። ያው ሆነ።

“እንግዲህ?” አሉ ሽማግሌው። “ተሳስታለች?”

“መጨረሻው ላይ ይጎረብጣል። ሰምተውታል። እዚህ ላይ ግን...” አለና በሁለተኛው ደረጃ ላይ ጣቶቹን እንዳሳረፈ ቀረ።

“እዚህ ላይ ግን ምን?” አልኩት። ለትልቅ ሰው እንደዚያ አይባልም ነበር፤ አልኩ።

ጣቶቹን አየ። “እንጃ አየለች። ለዚህ የተማርኩት የለም። እንጃ።”

ሽማግሌው ልጅቷ በድምፅዋ ትዘምር ብለው ፈረዱ፤ ዘመርኩም። ሎሚቱ በመንገድ ላይ በዚያ የጥርሷ ክፍተት ታፏጭ ጀመር፤ የሰው በግ ሁሉ ተከትሎን መጣ። አራሷ ሴት ወጥታ ወደ ዳገቱ ስትመለስም፣ ሎሚቱ “አንቺ ከታች ሁኚ፤ ላይ ሰው አለን” አለቻት። ለቀማው እስኪያልቅ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መምህሩ ግን ከክረምቱ በፊት ወደ ሌላ አገር ተላከ። “እንጃ”ውን ለእኔ ጥሎልኝ ሄደ።

ይህን ሁሉ ሩት ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ እጄን ያዘችና ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። ኪቦርዱ አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል። እጄ ቡና ቡና ይሸታል። ሶስና ቦታ ለቀቀችልኝ።

“ፋን ይያዙልኝ” አለች ሩት። ድምፁን ሰጠችኝ፤ ያዝኩ። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አለ። ሩት ከሥሩ አንድ በአንድ መታች። “ከሶል ይነሡ። ላን ይዝለሉ፣ ሲ ነው። ዶን ይዝለሉ፣ ሬ ነው። ሦስት ሆኑ፤ መምህሩ እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። አሁን ሚን ይዝለሉ።”

ከሚ በላይ ያለችው እኔ የያዝኳት ነበረች።

“ከሶል ሲቆጠር ፋ ሰባተኛ ናት። ሰቨንዝ የተባለው ለዚህ ነው” አለች።

“እኔ እኮ ምንም አልዘለልኩም” አልኳት። “ከቦታዬ አልተነሣሁም፤ እነሱ ናቸው የሄዱት።”

“እንደሱም ይመጣል። ከፊተኛው ኮርድ አንድ ድምፅ ሳይለቁ ሲቀሩ ይፈጠራል።” ከዚያ ከዶ ተነሥታ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ መታች። “ይሄም ሰቨንዝ ነው። እንዴት ነው?”

አዳመጥኩ። “ይቺ ተቀምጣ የምታስብ ናት። ያቺኛዋ ቆማ ሰው የምትጠብቅ ናት።”

“አያቴ!” አለች ሶስና፤ አሁን አልሳቀችም።

“ትክክል” አለች ሩት። “ያቺኛዋ ውስጥ ሲ እና ፋ አብረው አሉ። ሁለቱ አብረው ብዙ አይቆዩም፤ ሲ ወደ ላይ፣ ፋ ወደ ታች መሄድ ይፈልጋሉ። ሲሄዱ ነው መዝሙሩ ቤቱ የሚገባው።”

“እንግዲህ ሁሉንም ሰምተሻል” አልኳት። “እንደ እንግዳ አክብረሽ አይደለም፣ እንደ ዳኛ ንገሪኝ። ተሳስቼ ነበር?”

ሩት ሦስቱን ደረጃ አንዴ መታች፤ ሁለተኛው ላይ ቆየች፤ ወደ ሦስተኛው ወረደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦

“ሁለተኛው ላይ ልክ ነበሩ እማማ፤ ድምፅዎ እዚያ ቦታ አለው፣ ስምም አለው። ሦስተኛው ላይ መምህሩ ልክ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ናቸው ወደ ያዘችው የሚመጡት፤ እዚህ መዝሙር ላይ ግን የያዘችው ናት ወደ እነሱ የምትሄደው። ዝም በይ ሊባሉ ግን አይገባም ነበር። ከፋ ወደ ሚ ግማሽ እርምጃ ናት፤ ‘እዚህ ላይ ትንሽ ውረጂ’ ቢሉዎት ይበቃ ነበር።”